ውሉን ማን ይፈርማል? በአፕሊኬሽን ኮድ ውስጥ ትራንዛክሽንን ስለ ማዋቀርና ስለ ማስኬድ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የዛሬውን ጉዳይ ከአንድ የገንዘብ አቤቱታ ልጀምር። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚገለገልበትን ሶፍትዌር ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የመንከባከብ ኃላፊነት ነበረብኝ። ሶፍትዌሩ አባላት ከቁጠባ ሒሳባቸው ወደ ብድር መክፈያ ሒሳባቸው ገንዘብ የሚያዛውሩበት ገጽ ነበረው። አንድ ቀን የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ደወሉልንና፣ አንዲት አባል 300 ብር ለማዛወር ሞክረው «አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልእክት እንደ ደረሳቸው፣ እንደ ታዘዙትም ሁለት ጊዜ ደግመው እንደ ሞከሩ፣ በመጨረሻ ከቁጠባቸው 900 ብር ጎድሎ በብድር ሒሳባቸው ላይ ግን አንድም ብር እንዳልገባ ነገሩን።

ኮዱን ከፍተን ስናይ ሦስታችንም ዝም አልን፤ ዓይን የሚይዝ ስሕተት አልነበረውምና። ፕሮግራሙ የተጻፈው በጃቫ ቋንቋና ስፕሪንግ በሚባለው የጃቫ ፍሬምዎርክ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፣ ገንዘብ የሚያዛውረው ሜተድ፣ ማለትም የኮድ ክፍል፣ አናት ላይም፣ ሥራው በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን እንዲሠራ፣ ማለትም በአንድነት እንዲጸና ወይም በአንድነት እንዲሰረዝ፣ የሚጠይቀው «ትራንዛክሽናል» የሚለው አኖቴሽን በክብር ተቀምጧል። ሜተዱ በመጀመሪያ ከአንዱ ሒሳብ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ የደረሰኝ ፋይል በዲስክ ላይ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ወደ ሌላው ሒሳብ ይጨምራል። በዚያ ሳምንት የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ስለ ነበር ደረሰኙ መጻፍ አቃተው፣ «አይኦ ኤክሴፕሽን» የሚባል የስሕተት ምልክት ተጣለ፣ ሜተዱም መሃል ላይ ተቋረጠ። ሁላችንም እንደዚህ ሲሆን ቅነሳው አብሮ ይሰረዛል ብለን እናምን ነበር። ስፕሪንግ ግን ቅነሳውን ኮሚት አድርጎ፣ ማለትም አጽንቶ፣ ኤክሴፕሽኑን ወደ ላይ አሳለፈው። በዚህም ስፕሪንግ አላጠፋም፤ ነባሪ ደንቡ በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ሮልባክ የሚያደርገው፣ ማለትም ሥራውን ወደ ኋላ የሚመልሰው፣ «ረንታይም ኤክሴፕሽን» ወይም «ኤረር» ሲገጥመው ነው፤ ጃቫ በግድ እንድንይዛቸው ወይም እንድናሳውቃቸው የሚያስገድደን፣ «ቼክድ» የሚባሉት ኤክሴፕሽኖች ሲመጡ ግን ይህ የሥራው አካል የሆነ የታወቀ ውጤት ነው ብሎ ይቆጥርና ኮሚት ያደርጋል። ልማዱን የወረሰው ከእሱ ከቀደመው የጃቫ ሥርዓት፣ ከኢጄቢ፣ ነው። ከሦስታችን ይህን ሰነድ አንብቦ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ትራንዛክሽን የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅና በመሃል ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ኮዱን የሚጽፈው ሰው ካልወሰነ፣ ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ሥራ ያስቀመጠው ነባሪ ቅንብር ይወስንለታል።

የትራንዛክሽንን ጽንሰ ሐሳብ ካደራጁት ሰዎች ዋነኛው የሆነው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፉ ሐሳቡ ከውል ሕግ የመጣ መሆኑን ገልጿል፤ ተዋዋዮች ለጊዜው ይደራደራሉ፣ ከዚያ ይፈራረማሉ፣ ከፊርማው በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም። ይህ አገላለጽ ለእኛ በተለይ ይመቻል፤ በአማርኛ «ውል» የስምምነት ሰነድ ብቻ ሳይሆን የልቃቂት ጫፍም ነውና። ጫፉ የጠፋበት ፈትል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው፣ መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንደሚዘጋ የማይታወቅ ትራንዛክሽን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቴዎ ሄርደርና አንድሬያስ ሮይተር አራቱን ባሕርያት፣ ማለትም አለመከፋፈልን፣ ወጥነትን፣ መነጠልንና ዘላቂነትን፣ ከእንግሊዝኛ ስሞቻቸው በተወሰደው «አሲድ» በሚለው ምሕጻረ ቃል ጠቀለሏቸው። ከአራቱ ሁለቱን፣ አለመከፋፈልንና ዘላቂነትን፣ ዳታቤዙ በራሱ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ዛሬ ብዙ አልመለስባቸውም። ወጥነት በአብዛኛው በእኛ ኮድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መነጠል ደግሞ በልክ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው የትኛውን ልክ እንደ ገዛ አያውቅም።

በመጀመሪያ አኖቴሽኑ በተግባር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ስፕሪንግ የእኛን ክላስ በሌላ ዕቃ፣ በፕሮክሲ፣ ይሸፍነዋል። ጥሪ ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ፕሮክሲውን ነው፤ ፕሮክሲው ከኮኔክሽን ፑል፣ ማለትም ዝግጁ የዳታቤዝ ግንኙነቶች ከሚቀመጡበት ቋት፣ አንድ ኮኔክሽን ይወስዳል፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸናውን አውቶኮሚት ያጠፋል፣ ኮኔክሽኑን ጥሪውን ከሚያስኬደው የሥራ መስመር፣ ከትሬዱ፣ ጋር ያስራል፣ ከዚያ ብቻ የእኛን ሜተድ ይጠራል፤ ሜተዱ ሲመለስም እንደ ሁኔታው ኮሚት ወይም ሮልባክ ያደርጋል። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በአንድ ክላስ ውስጥ ያለ ሜተድ የራሱን ክላስ ሌላ ሜተድ ሲጠራ ጥሪው በፕሮክሲው በኩል አያልፍምና በተጠራው ሜተድ ላይ የተጻፈው አኖቴሽን እንደሌለ ይቆጠራል፤ ጓዳ ለጓዳ የሚሄድ ሰው በር ላይ የቆመው ዘበኛ አያየውም። ሁለተኛ፣ ትራንዛክሽኑ የታሰረው ከትሬዱ ጋር ስለሆነ በመሃል አዲስ ትሬድ ብንከፍት ወይም ሥራውን በጎን እንዲሠራ ብንልከው፣ አዲሱ ትሬድ የቀድሞውን ትራንዛክሽን አይወርስም። በሁለቱም ሁኔታ ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ወደ ሮልባክ ደንብ ስንመለስ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። አኖቴሽኑ ላይ ለማንኛውም ኤክሴፕሽን ሮልባክ እንዲደረግ መጻፍ ይቻላል፤ ከስፕሪንግ 6.2 ጀምሮ ደግሞ ለመላው ፕሮግራም በአንድ ቦታ ማወጅ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሰው ይረሳልና። የበለጠ የሚያስቸግረው ግን ኤክሴፕሽንን ይዞ የሚውጥ ኮድ ነው። አንድ ሜተድ በውስጡ ሌላ ትራንዛክሽናል ሜተድ ይጠራል እንበል፤ ነባሪው «ሪኳየርድ»፣ ማለትም የተከፈተ ትራንዛክሽን ካለ በዚያው ውስጥ ግባ የሚለው፣ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ናቸው። የውስጠኛው ረንታይም ኤክሴፕሽን ጥሎ ሲወጣ ፕሮክሲው ትራንዛክሽኑን «ከሮልባክ በቀር ሌላ ዕድል የለውም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። የውጭኛው ኤክሴፕሽኑን ይዞ «ግድ የለም» ብሎ ሥራውን ቢቀጥልም፣ መጨረሻ ላይ ኮሚት ሲጠይቅ «ያልተጠበቀ ሮልባክ» የሚል ኤክሴፕሽን ይመታዋል። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ይህን የፍሬምዎርኩ ጉድለት አድርገው ያማርራሉ፤ እኔ ግን ከስፕሪንግ መልካም ባሕርያት አንዱ ነው እላለሁ፣ ግማሹ የተበላሸ ውል ላይ አልፈርምም ማለቱ ነውና።

ፖስትግሬስም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። በትራንዛክሽን መሃል አንድ ትእዛዝ ከተበላሸ፣ ሮልባክ እስኪደረግ ድረስ የሚከተሉትን ትእዛዞች በሙሉ አልቀበልም ይላል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነን ኮሚት ብንል እንኳ የሚፈጸመው ሮልባክ ነው። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ግን፣ ለምሳሌ የተደገመ ቁልፍ ለማስገባት ስንሞክር፣ የተበላሸችውን ትእዛዝ ብቻ መልሶ ትራንዛክሽኑን ክፍት ያደርገዋል። ሎክ፣ ማለትም ሌላ ትራንዛክሽን የቆለፈው ረድፍ እስኪለቀቅ፣ ሲጠብቅ ጊዜው ሲያልፍበትም፣ ነባሪው ገደብ 50 ሰከንድ ነው፣ እንዲሁ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ብቻ ይመልሳል፤ በዴድሎክ ጊዜ፣ ማለትም ትራንዛክሽኖች አንዱ የሌላውን ሎክ ሲጠባበቁ፣ ግን ሙሉውን ትራንዛክሽን ይመልሳል። ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ፕሮግራም አንድም የኮድ መስመር ሳይቀየር ጠባዩ የሚለወጠው ከእንዲህ ዓይነቱ ልዩነት የተነሣ ነው።

አሁን ብዙ ወደምቆይበት፣ ወደ ድንበሩ ጥያቄ ልግባ። በማኅበሩ ኮድ ውስጥ የሮልባኩን ደንብ ብናርመውም የደረሰኙ ፋይል በትራንዛክሽኑ መሃል ምን ይሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ዳታቤዙ የራሱን ረድፎች እንጂ ዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል፣ የተላከ አጭር መልእክት ወይም ለሌላ ድርጅት ሰርቨር የደረሰ ጥሪ ሊመልስ አይችልም። ከዚህም በላይ ትራንዛክሽኑ ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር አንድ ኮኔክሽን ይዞ ይቆያል። ከስፕሪንግ ቡት ጋር የሚመጣው ፑል ሂካሪ ሲሆን ነባሪው ከፍተኛ መጠን 10 ኮኔክሽን ነው። በትራንዛክሽኑ ውስጥ 2 ሰከንድ የሚፈጅ የውጭ ጥሪ ካለ፣ ዳታቤዙ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ፕሮግራሙ በሰከንድ ከ5 በላይ ጥያቄ ማስተናገድ አይችልም፤ የቀሩት ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ 30 ሰከንድ ሲሞላም በኤክሴፕሽን ይባረራሉ። የዳታቤዙ ባለሙያ ሰርቨሩን ያያል፣ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የአፕሊኬሽኑ ባለሙያ «ዳታቤዙ አልመልስ አለኝ» ይላል። ሁለቱም የሚያዩትን ነው የሚናገሩት።

ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ኮኔክሽን «በትራንዛክሽን ውስጥ ሥራ ፈት» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ አሁን ያሉትን ኮኔክሽኖች የሚያሳየውን የሲስተም ሠንጠረዥ ከፍቶ ማየት በቂ ነው። ጉዳቱ ኮኔክሽን በመያዝ አያበቃም። የያዘውን ሎክ አይለቅም፤ አሮጌ የረድፍ ቅጂዎችን የሚጠርገው ቫኪዩምም፣ ይህ ትራንዛክሽን ሊያያቸው የሚችሉትን ቅጂዎች እንዳይጠርግ ያግደዋል። ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የተረሳ ትራንዛክሽን፣ ማታ ላይ ሠንጠረዡን አሳብጦት ሊገኝ ይችላል። ከፖስትግሬስ 9.6 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ፈት ኮኔክሽን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚቆርጥ ቅንብር አለ፤ ነባሪው ግን ዜሮ፣ ማለትም የጠፋ ነው። እባካችሁ አብሩት።

ታዲያ መልእክቱና ደረሰኙ የት ይሂዱ? በማኅበሩ ሥራ ላይ የመረጥነው መንገድ፣ መላክ ያለበትን ነገር በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ በአንድ «የሚላኩ» ሠንጠረዥ ላይ እንደ ረድፍ መመዝገብ ነበር፤ ሌላ ሂደት ከኮሚት በኋላ ረድፎቹን እያነበበ ይልካል፣ የላከውን ምልክት ያደርግበታል። የገንዘቡ ዝውውር ካልጸና የመልእክቱም ረድፍ አብሮ ይጠፋል። ላኪው ከላከ በኋላ ምልክት ሳያደርግ ቢወድቅ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ተቀብለነዋል። ሁለት መልእክት የደረሳቸው አባል ይስቃሉ፣ ሁለት ጊዜ ገንዘብ የተቀነሰባቸው ግን አይስቁም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «ሪኳየርስ ኒው» አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ይህ ቅንብር የውጭኛውን ትራንዛክሽን ለጊዜው አቁሞ አዲስ ይከፍታል፤ ዋናው ሥራ ቢሰረዝም መቅረት ለሌለበት የኦዲት መዝገብ ተገቢ ነው። ነገር ግን የቆመው ትራንዛክሽን ኮኔክሽኑን አይለቅም፤ አዲሱ ሌላ ኮኔክሽን ይፈልጋል። አሥር ትሬዶች አሥሩን ኮኔክሽን ይዘው እያንዳንዳቸው ሁለተኛ ኮኔክሽን ሲጠብቁ አስቡ። ዳታቤዙ ይህን መተናነቅ አያየውም፣ ስለማያየውም ሊፈታው አይችልም።

አሁን ወደ መነጠል፣ ማለትም አንድ ትራንዛክሽን በጎኑ ከሚሠሩት ሌሎች ምን ያህል እንደሚጠበቅ። ፖስትግሬስና ኦራክል በነባሪ የሚሠሩት «ሪድ ኮሚትድ» በሚባለው ደረጃ ነው፤ የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር የሆነው የኢኖዲቢ ነባሪው «ሪፒተብል ሪድ» ነው። በሪድ ኮሚትድ እያንዳንዱ ትእዛዝ ራሱ በጀመረበት ቅጽበት የጸናውን መረጃ ያያል፤ ስለዚህ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብነው ቀሪ ሒሳብ ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጠን ይችላል። ቀሪው 1000 ብር በሆነ ሒሳብ ላይ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ መጡ እንበል፤ አንዱ 300፣ ሌላው 200 ሊቀንስ ነው። ሁለቱም 1000 አነበቡ። አንዱ በጃቫ ውስጥ ቀንሶ 700 ጻፈ፣ ሌላውም ቀንሶ 800 ጻፈ። በመጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል፤ 300ው ብር የተከፈለ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ 800 ይላል። ሁለቱም ሜተዶች ትራንዛክሽናል ናቸው፤ አኖቴሽኑ ከዚህ አላዳናቸውም።

የተሻለው መድኃኒት ቅነሳውን ለዳታቤዙ መተው ነው፤ «ቀሪው ቢያንስ 300 ከሆነ ከቀሪው ላይ 300 ቀንስ» የሚል አንድ የአፕዴት ትእዛዝ ልኮ ስንት ረድፍ እንደ ተነካ ማየት። ዜሮ ከሆነ ገንዘቡ አልበቃም። በመሃል የረድፉ ሎክ በሌላ ትራንዛክሽን ተይዞ ቢሆን እንኳ፣ ፖስትግሬስ ጠብቆ ሁኔታውን በአዲሱ ዋጋ ላይ ደግሞ ይፈትሻል። ስሌቱ በአንድ ትእዛዝ የማይገለጽ ውስብስብ ሲሆን ረድፉን በ«ሰሌክት ፎር አፕዴት» ቆልፎ ማንበብ ይቻላል። ሰው ቅጽ ከፍቶ ለደቂቃዎች የሚያስብበት ሥራ ሲሆን ደግሞ በረድፉ ላይ የእትም ቁጥር አስቀምጦ፣ ስንጽፍ ቁጥሩ ያነበብነው መሆኑን ማረጋገጥ ይሻላል፤ ሰው እያሰበ ሎክ መያዝ የለበትምና። ሪፒተብል ሪድ የሚለውን ስም ብቻ አምኖ መተኛትም አይገባም። በፖስትግሬስ በዚህ ደረጃ ሁለተኛው ጸሐፊ ስሕተት ተነግሮት ይመለሳል፤ በኢኖዲቢ ግን የመጀመሪያው ሥራ በዝምታ ሊደመሰስ ይችላል።

ረድፍ መቆለፍ የማይፈታው ሌላ ዓይነት ችግር አለ፤ በማኅበሩ ሥራ ላይ የገጠመን በዋስትና ጉዳይ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ብድር ቢያንስ አንድ ዋስ እንዲኖረው ያዝዛል። አንድ ብድር ሁለት ዋሶች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዋስትናቸውን ለማንሣት ጠየቁ። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ዋሶቹን ቆጥሮ ሁለት አገኘ፣ «እኔ ብወጣ አንድ ይቀራል» ብሎ የራሱን ረድፍ ብቻ ቀየረ። የተለያየ ረድፍ ስለ ነኩ አልተጋጩም፤ ሁለቱም ጸኑ፣ ብድሩም ያለ ዋስ ቀረ። ይህን «ራይት ስኪው» የሚባል ጉድለት፣ ግሬይን ጨምሮ ስድስት ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የኤስኪውኤልን የመነጠል (አይሶሌሽን) ደረጃዎች በነቀፉበት ጽሑፍ በዝርዝር አሳይተውታል። መፍትሔው ሁለቱም የሚያልፉበትን አንድ ረድፍ፣ በእኛ ሁኔታ የብድሩን ረድፍ፣ አስቀድሞ መቆለፍ ነው፤ ወይም «ሲሪያላይዘብል» ወደሚባለው ደረጃ መውጣት። ፖስትግሬስ ከ9.1 እትም፣ ማለትም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ይህን ደረጃ አንባቢና ጸሐፊ ሳይተጋገዱ ይሰጣል፤ ዋጋው አንዳንድ ትራንዛክሽኖችን 40001 በሚል ኮድ መጣሉ ነው።

ይህ ኮድ የሚናገረው «እንደገና ሞክር» ነው፤ ፕሮግራሙ ይህን ካልሰማ ሲሪያላይዘብልን ማብራት ተጠቃሚውን ማስቀየም ብቻ ይሆናል። ድጋሚ ሙከራው መደረግ ያለበት ከትራንዛክሽኑ ውጭ ነው፤ የተበላሸችውን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሥራ፣ ከንባቡ ጀምሮ፣ በአዲስ ትራንዛክሽን መድገም ያስፈልጋል፣ ውሳኔው የተመሠረተው ባረጀ ንባብ ላይ ነበርና። የድጋሚ ሙከራ አኖቴሽንና የትራንዛክሽን አኖቴሽን በአንድ ሜተድ ላይ ሲደራረቡ የትኛው ከውጭ እንደሚሆን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ አይቻለሁ፣ በሞተ ትራንዛክሽን ውስጥ ሦስት ጊዜ እየሞከረ ሦስት ጊዜ የሚወድቅ ኮድ።

ስለ ዴድሎክ በአጭሩ። አንዱ ከሒሳብ 7 ወደ 12፣ ሌላው ከ12 ወደ 7 ሲያዛውሩ፣ እያንዳንዳቸው አንዱን ይዘው ሌላውን ይጠብቃሉ። ፖስትግሬስ በነባሪ 1 ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ ፈትሾ አንዱን ይጥላል። የገንዘቡ አቅጣጫ የትም ይሁን የት፣ ሁልጊዜ አነስተኛ ቁጥር ያለውን ሒሳብ መጀመሪያ መቆለፍ በቂ ነው።

ስለ ፍተሻም አንድ ነገር ልጨምር። በስፕሪንግ የፍተሻ ሜተድ ላይ ትራንዛክሽናል ስትጽፉ፣ ፍተሻው ሲያልቅ በነባሪ ሮልባክ ይደረጋል። ለንጽሕና ይመቻል፤ ነገር ግን ኮሚት የሚባለው ነገር በዚያ ፍተሻ ውስጥ ጨርሶ አይከሰትም። የእኛ ሜተድ ያንን የተሳሳተ ኮሚት እያደረገ ለወራት ፍተሻውን ሲያልፍ የኖረው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚነካ ፍተሻ በሙሉ ያለ አኖቴሽኑ፣ በእውነተኛ ፖስትግሬስ ላይ፣ ኮሚት ተደርጎና ሠንጠረዡ በእጅ ተጠርጎ እንዲሠራ አደረግን፤ ፍጥነቱ ቀንሷል፣ አልተጸጸትንበትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የፊርማው ቅጽበት። ፕሮግራሙ ኮሚት ብሎ ልኮ መልሱ ሳይመጣ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፣ ዳታቤዙ አጽንቶት ሊሆን ይችላል፣ ላያጸናውም ይችላል፤ ከዚህኛው ወገን ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ሮልባክ የለም፣ ድጋሚ ሙከራም አደገኛ ነው። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ዝውውር አንድ መለያ ቁጥር እንዲሰጥ፣ ቁጥሩም ከዝውውሩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን እንዲመዘገብና በሠንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ዩኒክ ኮንስትሬንት እንዲጠብቀው አደረግን። ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ዳታቤዙ አይቀበለውም፣ ፕሮግራሙም የመጀመሪያውን ውጤት አንብቦ ይመልሳል። ለአባሏ 900 ብራቸው በሒሳብ ሹሙ እጅ ተመለሰላቸው። «እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን መልእክት የቀየርነው ግን ቁጥሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፤ አሁን «ዝውውርዎን እያጣራን ነው» ይላል፣ እውነትም እያጣራ ነው።